በእንግሊዝኛ አክስቴ ነሽ

ሆቴሉ ለሠራተኞቹ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ብሎ ሲነሳ የልብስ እጥበት ክፍሉ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ደስታው ከእውቀት ጥማት ብቻ የመጣ አይደለም። ትምህርቱ በሥራ ሰዓት ስለሆነ ከዚያ ሙቀትና እንፋሎት አንድ ሰዓት ያስመልጣል። ከሁሉም አብልጣ የተደሰተችው ግን ተኳሿ ነበረች። ተኳሿ ሲባል ጠመንጃ የታጠቀች የሚመስለው አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም፤ የእሷ መሣሪያ የእንፋሎት ካውያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች፤ ከእጇ የወጣ ጨርቅ ላይ መጨማደድ የሚባል ነገር አይገኝም። ትምህርትም እንደዚያው ነበር የምትወደው፤ ሳይጨማደድ፣ በልኩ ታጥፎ።

አስተማሪው ከውጭ የመጣ ፈረንጅ እንዳይመስላችሁ። የሆቴሉ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ራሱ ነው። ጠዋት የዘገየውን ይቀጣል፣ ከሰዓት ያንኑ የቀጣውን ሰው ያስተምራል። ፊት ለፊት "ቲቸር" ይሉታል፤ ከጀርባው "ኮሬክት" ነው ስሙ። መልስ ሲጥመው "ኮሬክት!" ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ ስለሚመታ ነው። ክፉ ሰው ነው ለማለት አፍ አይደፍርም። ክፉ ቢሆን ኖሮማ ነገሩ ይህን ያህል ባላናደደ ነበር።

ሰላምታውና የክፍል ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ትምህርቱ ቤተሰብ ላይ ደረሰ።

"እንግዳ ከነቤተሰቡ ይመጣል" አለ ቲቸር። "የሰውየውን አማት ሚስቱ ናት ብላችሁ እንዳታዋርዱን። ቃሉን በደንብ እንያዝ።"

ማዘር፣ ፋዘር፣ ብራዘር፣ ሲስተር ተባለ። ከዚያ ደግሞ አባባሎቹ መጡ። ቲቸር አባባል ሲያስተምር ፊቱ ይበራል። ከቤተሰቡ መሀል አስቸጋሪ ሆኖ የወጣው ሰው ብላክ ሺፕ፣ ማለትም ጥቁር በግ እንደሚባል ነገራቸው።

"ጥቁር በግ ምን አደረገ?" አለ አትክልተኛው።

"አባባል ነው።"

"አባባልስ ቢሆን! ሥጋው እንደሆነ አንድ ነው።"

"እኛ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የምንለው" አለች ተኳሿ፣ ቲቸርን ለማገዝ ብላ። "በጉን ሳንሰድብ።"

ክፍሉ ሳቀ፤ ቲቸርም ሳቀ። ቀጥሎ ፈረንጆች የሚወዱትን ልጅ የዓይኔ ፖም ብለው እንደሚጠሩ ሲነግራቸው አትክልተኛው በቃ ተስፋ ቆረጠ። የዓይን ብሌን እያለ ፖም ዓይን ውስጥ ምን ያደርጋል ሲል አጉረመረመ።

በመጨረሻ ቲቸር ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለው። በአንዱ በኩል ኢሚዲየት ፋሚሊ ብሎ ጻፈ፤ የቅርብ ቤተሰብ ማለት ነው፤ እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት። የቀረውን ሰው በሙሉ ኤክስቴንድድ ፋሚሊ ብሎ ወደ ማዶ አሻገረው። ከዚያም እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቤተሰብ በዛፍ አምሳል ስሎ ቃሉን ከየሰዉ ሥር እንዲጽፍ አዘዘ።

ተኳሿ ዛፏን ቅጠል ሳይቀር አሳምራ ሳለች። ከላይ እናቷን አስቀመጠችና "ማዘር" ብላ ጻፈች። ከራሷ ጎን ወንድሟን አስቀመጠች። ወንድሟ እዚያው ሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ሾፌር ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ቲቸር ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። "ሾፌሩ የአክስትሽ ልጅ አይደለም እንዴ? ማኅደርሽ ላይ እናትሽ በሕይወት የሉም ይላል።"

"የወለደችኝ ሞታለች። ይቺ እናቴ ናት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጅ እናቷ እሷን ከወለደች በኋላ ከአልጋዋ ሳትነሳ አረፈች። የሟች ታላቅ እህት በዚያን ጊዜ የራሷን ወንድ ልጅ ታጠባ ነበር። ሕፃኗን ተቀብላ ወደ ሌላኛው ጡቷ አስጠጋቻት፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ "የእህቴ ልጅ" የሚል ቃል የተናገረ የለም። አንዲት ጎረቤት ብቻ አንድ ጊዜ ከአፏ አምልጧት "የእህትሽ ልጅ እንዴት አደገች!" ብትል ሴትየዋ መጥረጊያ ይዛ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝታታለች። ሁለቱ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንድ ኩፍኝ ታመው፣ በአንድ እርግጫ እየተጣሉ አደጉ።

ቲቸር ይህን ሁሉ አልሰማም፤ እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። "ኖ፣ ኖ። ያሳደገችሽ አክስትሽ ናት። አንት። ልጇ ደግሞ ብራዘር አይባልም፤ ከዚን ነው የሚባለው።" እናቷን ሰረዛት። ወንድሟንም ሰረዘው። ከላያቸው በቀይ ጻፈባቸው።

ተኳሿ ዓይኗ ቀይ መስመሩ ላይ ቀረ። ቅር አላት፣ አልዋሽም። ግን ቋንቋው የእሷ አይደለም፤ የሰው ቤት የገባ እንግዳ ተቀመጥ ያሉት ቦታ ነው የሚቀመጠው ብላ ምላሷን ዋጠች። ተነሽና ተናገሪ ስትባል ተነስታ "ሺ ኢዝ ማይ አንት" አለች።

"ኮሬክት!" ጠረጴዛው ተደለቀ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ዛፉ ከሁሉ ያማረ ስለነበር የሠራተኞች መመገቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ማታ ቤት ገብታ እንደ ቀልድ አወራችው። እናቷ አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ክሩን ትጠቀልል ነበር።

"እማ፣ በእንግሊዝኛ አክስቴ ነሽ።"

"ምን?"

"ቋንቋው እንደዚያ ነው የሚለው። እናቴ ብዬ ብጽፍ ተሰረዘብኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ።"

እናቷ የክሩን ድቡልቡል ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "እኔ በእንግሊዝኛ አላጠባሁሽም" አለች። ተኳሿ ሳቀች፤ እናቷ ግን አልሳቀችም፤ ሹራቧን አንስታ ቀጠለች።

ብዙም ሳይቆይ እናትየውን ሆዷን ያማት ጀመር። ለወትሮው ሐኪም ቤት ከምትሄድ መሞት የምትመርጥ ሴት ራሷ "ውሰጂኝ" ስትል ነው ነገሩ የከበደ መሆኑ የታወቀው። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘ፤ ሐሙስ ጠዋት በቀዶ ጥገና ይወጣል ተባለ። ሴትየዋ ቢላዋውን አልፈራችም። የፈራችው ማደንዘዣውን ነው። ራሷን ስታ፣ ማን እንደሚያያት ሳታውቅ፣ ምናልባትም ላትነቃ መተኛቱ ነው ያስጨነቃት።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለቻት ተኳሿን። "ዓይኔን ስጨፍን ፊቴ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። የማላውቀው ሰው ፊት እያየሁ አልተኛም። ከሌለሽ አልጨፍንም፤ አበቃ።"

"እኖራለሁ እማ።"

በዚያ ሳምንት ሆቴሉ በስብሰባ እንግዳ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የዓመት ፈቃድ ለማንም ተከልክሏል። የቀረው አንድ በር የቤተሰብ ሕመም ፈቃድ ነው፤ ሦስት ቀን፤ ያለ ፈቃድ የቀረ ደግሞ ይሰናበታል። ተኳሿ ይህ በር ለእሷ የተሠራ መሰላት። ወደ ቲቸር ቢሮ ስትገባ ያስጨነቃት የእናቷ ሕመም እንጂ የፈቃዱ ነገር አልነበረም።

"ለማን ነው?" አለ ቲቸር።

"ለእናቴ። ሐሙስ ቀዶ ጥገና አላት።"

"ውይ! እግዜር ይማራቸው" ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ እጁ አየር ላይ ቆመ። "ቆይ... አክስትሽን ነው?"

"እናቴን።"

"እንግዲህ በቃል አንጣላ። ግድግዳው ላይ ራስሽ የጻፍሽው አለ።"

"እርስዎ ነዎት የጻፉት! በቀይ!"

"አንቺ ደግሞ በአፍሽ መሰከርሽ። ሺ ኢዝ ማይ አንት አልሽ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

ይህን ሲል አላፈረም። የማያፍረውም ጥፋት እየሠራ ስላልመሰለው ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ተማሪው ትምህርቱን ረስቶ ያሳዘነው መምህር ሐዘን ነው።

"ደንቡን እኔ አላወጣሁትም" አለ። "የቅርብ ቤተሰብ ነው የሚለው። አክስት እዚያ ውስጥ የለችም። ለአክስት ከፈቀድኩ ነገ ለአጎት፣ ከነገ ወዲያ ለጎረቤት ልፈቅድ ነው። ስሜትሽ ግን ይገባኛል። ላይክ ኤ ማዘር ናት ላንቺ። እንደ እናትሽ ናት።"

እንደ! እስቲ አሁን ይሄ ይባላል? ሴትየዋ እንደ እናት አላጠባችም፤ አጠባች። የሰጠቻት እንደ ጡት ያለ ነገር አልነበረም፤ ጡት ነበር። ኩፍኝ የያዛትን ልጅ አቅፋ ያደረችው እንደ እናት ሳይሆን እግሯ እስኪደነዝዝ ነው። ተኳሿ ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ለመናገር አፏን ብትከፍት ግን የሚወጣው ጩኸት ብቻ እንዳይሆን ፈራች።

ቲቸር ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ሊያጽናናትም ፈለገ። "ብለድ ኢዝ ቲከር ዛን ዎተር ይላሉ። ደም ከውሃ ይወፍራል። ደንቡም የቆመው በዚያ ላይ ነው።"

"ወተትስ፣ ቲቸር?"

"ምን አልሽ?"

"ደም ከውሃ ይወፍራል፤ ገባኝ። ከወተትስ?"

ቲቸር መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ሲጠይቁት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ። "ቆይ እንጂ! ልጃቸው እዚሁ አለ አይደል? ሾፌሩ! እሱማ ኢሚዲየት ነው!"

ስልኩን አንስቶ ሾፌሩን አስጠራው።

ስለ ሾፌሩ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር በአንድ ቃል ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማን ጀመረው ቢባል ሁለቱም ረስተውታል፤ እልሁን ግን አልረሱም። ሚኒባሱን እየነዳ በእናቱ በር ላይ ሲያልፍ ጡሩምባ ይነፋል፤ አይቆምም። እናትየው ደግሞ ጡሩምባውን ስትሰማ "አለ" ትላለች፤ አትወጣም። የቤተሰብ ጥየቃቸው ይኸው ነበር። እና አሁን ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ።

"እናትህ ሐሙስ ቀዶ ጥገና አላቸው" አለው ቲቸር። "ሦስት ቀን ፈቅጄልሃለሁ።"

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። "እማ ታማለች?"

እናቱ መታመሟን የሰማው ከአስተዳደር ቢሮ ነው! እናቷን ቀን ከሌት ያስታመመችው አክስቷን የጠየቀች ባዕድ ሆና ቆማለች፤ ጡሩምባ ነፊው ሳይጠይቅ የሦስት ቀን ፈቃድ ተሸከመ። ላለው ይጨመርለታል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ቲቸር ደግሞ ችግሩን ሁሉ በአንድ ስልክ የፈታ ያህል ረክቶ ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ተከተላት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጡሩምባ ከምትነፋ ወርደህ ብትጠይቅ ታውቀው ነበር።"

"አብረን እንሂዳ ሐሙስ።"

"አልተፈቀደልኝም። አንተ ልጇ ነህ፤ እኔ የማዶ ሰው ነኝ። ጮኼ ከማልቀሴ በፊት ሂድልኝ።" ይህን ያለችውም ጮኻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተኳሿ ሥራ ገባች። ለምን ገባች የሚል ሰው ደሞዝ ተቆርጦበት የማያውቅ፣ በአንዲት ተኳሽ ደሞዝ ሁለት ሰው ሲኖር ያላየ ሰው ነው። ከዋዜማው ሐኪም ቤት የተኛችውን እናቷን በስልክ "ልጅሽ አብሮሽ ይሆናል" ብላት ነበር። እናቷ "እሺ" አለች፤ እሺታዋ ግን እሺ የማይመስል እሺ ነበር። ተኳሿ ካውያዋን አንስታ መተኮስ ጀመረች። ስታስበው፣ ስታስበው አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አቃጠለች። በሥራ ዘመኗ አቃጥላ አታውቅም።

የእጥበት ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

"እምቢ አለች!" አለ። "ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተው ሊገፏት ሲሉ የበሩን መቃን ይዛ አልለቅም አለች። ሐኪሙ ተራዋን ለሌላ ልሰጥ ነው እያለ ነው።"

"አንተ አለህ አይደል?"

"አለሁ። ስታየኝ አለቀሰች፣ ሳመችኝ፣ ታረቅን። ከዚያ 'ልጄስ?' አለች። ይኸው መጣሁ ብላት፣ 'አንተንማ አየሁህ፤ ልጄን ነው ያልኩት' አለችኝ። ምን ልበልሽ! ደግሞ እውነቷን ነው። ነይ።"

ተኳሿ ካውያውን ነቀለች። ሽርጧን ፈታች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ በተቃጠለው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

የሠራተኞች መውጫ በር ላይ ቲቸር ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን ያይ ነበር። ከራሱ በላይ በትልልቅ ፊደል "ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

"ወዴት ነው?"

"እናቴ ጋ።"

"ተነጋገርን እኮ! ዛሬ ከዚህ በር ከወጣሽ መመለሻ የለሽም። እባክሽ፣ ለራስሽ ብዬ ነው።"

"ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች ወደ ጽሑፉ በጣቷ እያመለከተች። "እኔ ለዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ኢሚዲየት ነኝ ወይስ ኤክስቴንድድ?"

ቲቸር ቀና ብሎ ጽሑፉን አየው፤ በየቀኑ ሥሩ እየቆመ የመጀመሪያ ጊዜው ይመስል ነበር።

"እሱ... አባባል ነው" አለ።

"አባባል ነው! የእናንተ ቤተሰብነት አባባል፣ የእኔ እናት አባባል፤ እውነቱ መባረሩ ብቻ ነው? እዚህ ቤት ስታመም ማን ጠየቀኝ? በትኩሳት ስተኩስ ማን ካውያውን ከእጄ ተቀበለኝ? አንዲት ሴት ከሙት አልጋ አንስታ አጥብታ ሰው አደረገችኝ፤ እሷን በቀይ ሰረዛችኋት፣ እኔም ቂሏ 'አክስቴ ናት' አልኩላችሁ! ባዕዱ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ያሰናብቱኝ፤ አይከፋኝም። ከእናቴ ላይ ግን እጅዎን ያንሱ!"

ድምፏ ከውጭ ያሉትን ተላላኪዎች ሳይቀር አስዞረ። ቲቸር በሩን አልዘጋባትም።

ታክሲው በትራፊክ መብራት በቆመ ቁጥር እግሯ የራሷ መኪና ይመስል ወለሉን ይረግጣል። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንድሟ ይጠብቃት ነበር። እጇን ይዞ ደረጃውን እያስሮጠ ወሰዳት።

እናቷ በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ፣ ነጭ አንሶላ ለብሳ፣ በአንድ እጇ መቃኑን እንደያዘች ተኝታለች። አንሶላው የተጨማደደ ነው። ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለማስለቀቅ እየለመነቻት ነበር። ተኳሿን ስታይ ሴትየዋ በራሷ ለቀቀች።

"መጣሽ!" አለች። "ፈቀዱልሽ?"

ውሸት ብትናገር ይሻል ነበር። እናቷን ግን ዋሽታ አታውቅም። "አልፈቀዱልኝም።"

"ታዲያ?"

"ጥዬ ወጣሁ።"

ሴትየዋ ከአልጋው ላይ በክርኗ ቀና አለች። "ጥዬ ወጣሁ! ምን ማለት ነው ጥዬ ወጣሁ? አንቺ ማሰቢያ የሌለሽ! ሥራ እንደ ሹራብ አውልቀው የሚጥሉት ነው? ስንት ዓመት የቆምሽበትን! እኔ ነገ ብሞት ማን ሊያበላሽ ነው? ይሄ ጡሩምባ?"

"እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ ካልመጣሽ አልተኛም ያልሽው!"

"እና እኔ ያልኩትን ሁሉ ትሰሚያለሽ? መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ቆብ አድርጊ ስልሽ አታደርጊ፣ ብዪ ስልሽ አትበዪ፣ ዛሬ ነው መስማት የጀመርሽው? ደግሞ ተመልከቺ፣ ላብሽ! ደረትሽን ሳትሸፍኚ በዚህ ብርድ!"

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን አይታ ደነገጠች። "እማማ፣ እባክዎ ይረጋጉ። ማን ናት ይቺ እንዲህ የሚቆጧት?"

ሴትየዋ ወደ ነርሷ ዞረች፤ የማያስፈልግ ነገር የተጠየቀች ያህል ተናደደች።

"ማን ትሁን! ልጄ ናት እንጂ! የሰውን ልጅ እንዲህ ይቆጡታል?"

ነርሷ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። አረንጓዴ ጋውን አምጥታ ለተኳሿ አለበሰቻትና እስኪተኙ ድረስ አብረሽ ግቢ አለቻት። አልጋው ተገፋ። ማደንዘዣው በክንዷ ሲገባ እናትየው ገና ቁጣዋን አልጨረሰችም፤ ዓይኗን ከልጇ ፊት ሳትነቅል "ቆይ ብቻ ልንቃ" አለች። "ቆይ ብቻ፣ አሳይሻለሁ..." ቃሉ መሀል ላይ ተኛች።

ተኳሿ ወጥታ በሩ አጠገብ ከወንድሟ ጎን ቆመች። የቀረውን ቁጣ ለመስማት ጠበቀች።